ነጠላዋ ላይ የወደቀው ሊሬ

ፈንታነሽን የማያውቅ ሰው ስለ ፈንታነሽ ሲያወራ ደሜ ይፈላል። «ያቺ ለጣሊያን ገንዘብ ያለቀሰችው» ይሏታል እስካሁን። ባለፈው እንኳ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አንዲት በርበሬ ሻጭ እንዲሁ ስትል ሰምቼ ያስለካሁትን በርበሬ ጥዬላት ሄድሁ። ወሬ ሰምቶ ያደገ ሁሉ ፈራጅ ሆኗል። እኔ ግን እዚያው ነበርሁ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን።

ከእብናት ተድሬ ወደዚህ ስመጣ ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የባሌ መንደር ጉና ግርጌ ነው፤ ገብስና በግ ያለበት፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ አገር። ፈንታነሽ ከአጥራችን ማዶ ትኖር ነበር። ባሏ ጣሊያን ሲመጣ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ልጅ የላትም፤ በሬም የላትም። ያላት ከቤቷ ጀርባ ያለች አንዲት የገብስ ማሳና ድምፅዋ ብቻ ነው።

ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ልቅሶ ሜዳው መካከል ትቆማለች፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ከፊቷ ዘርግታ ወዲያና ወዲህ እያለች የሟቹን ስምና ጠባይ በግጥም ታወርዳለች፤ ሕዝቡም ተከትሎ ያለቅሳል። ግጥሙን ከየት እንደምታመጣው አላውቅም። ያልተሰማትን ግን አንድም ቀን አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በድንበር ሲከስ የኖረ ባለ ብዙ መሬት ሞቶ፣ ልጆቹ ቢለምኗት ወጥታ መካከል ቆመችና፣ «እኔ የምለው የለኝም፤ እናንተ ካላችሁ በሉ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጆቹ ዓመት ሙሉ አኮረፏት። እሷም ዓመት ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ለሙሾዋ ማንም ምንም አይሰጣትም። ማለቴ፣ እጅ በእጅ አይሰጣትም። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ግን በዚያ ዓመት ሐዘን ያገኘው ቤት ጥማድ በሬውን ይዞ በጧት ማሳዋ ላይ ይገኛል። አርሶላት ይሄዳል። «ለሙሾሽ ነው» የሚል የለም፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ሌላ አትልም። ልቅሶውና እርሻው ባንድ ላይ ከተነሡ ነገሩ ተበላሸ፣ እንባ ተሸጠ ማለት ነው። ይህን በኛ መንደር ሕፃኑም ያውቀዋል። ለእንግዳ ግን ማን ያስረዳው።

እንግዳው ካፒቴኑ ነው። ደብረ ታቦር ካለው ምሽግ እየተመላለሰ የኛን አካባቢ የሚያስተዳድር፣ ቀጭን፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ፣ ሲያዩት ፈገግ የሚል ሰው ነበር። ሌሎቹ ቤት አቃጥለዋል፣ ሰው ሰቅለዋል፤ እሱን ሌላ ሰው ይተርከው። የኔ ንዴት በዚህኛው ላይ ነው፣ ጨዋ ነኝ በሚለው ላይ። በቅሎውን ለያዘለት ሳንቲም ይሰጣል፤ በር ለከፈተለት ይሰጣል። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ ውኃ ጠየቀኝ። በቅል ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣና ቅሉ ውስጥ ሳንቲም ጣል አድርጎ መለሰልኝ። ውኃ የጠማውን መንገደኛ ውኃ አጠጥቼ! አስተርጓሚው በላይነህ ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ፣ «አትቆጪ፤ ጉርሻ ነው። በአገራቸው ደንብ ያገለገላቸውን ሰው እንዲሁ አይተዉትም» አለኝ።

«እኔ መቼ አገለገልሁት?» አልሁት። «ጠማኝ አለ፤ ሰጠሁት። ጉርሻ ደግሞ አብሮ የበላ ሰው ነው የሚያጎርሰው።»

በላይነህ ይህን አልተረጎመለትም። ቅሉን በአመድ አሸሁት። ሳንቲሙን ባሌ ወስዶ ጧፍ ገዛበት፤ ለዚያም ተኳረፍን።

የኛዎቹስ ቢሆኑ። ጭቃ ሹማችን አያሌው፣ ካፒቴኑ ገና እንደ መጣ እጅ መንሻ ይዞ ሄደ። ሹም ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም፤ እሺ፣ ይሁን። አንድ ሙክትና አንድ እንስራ ማር ነበር የያዘው። ካፒቴኑ ማሩን ቀምሶ፣ «ወታደር የሚሆኑ ልጆችም እፈልጋለሁ» ቢለው፣ አያሌው እዚያው እንደ ቆመ የመንደሩን ልጆች ስም ይጠራለት ጀመር። የራሱን ልጅ አልጠራም። ካፒቴኑ ስለ ውለታው ጥቁር ካባ አለበሰው። አያሌው ያንን ካባ ደርቦ ሰንበት ሲያስቀድስ ያየ ሁሉ «ያምርብዎታል» አለው። ከተጠሩት ልጆች አንዱ ሙላቴ ነበር፤ የጎረቤታችን የደምሴና የሚስቱ የወርቅነሽ አንድያ ልጅ።

ወርቅነሽና ፈንታነሽ ባንድ ዓመት ተድረው የመጡ፣ ውኃ አብረው የሚወርዱ፣ ምሥጢራቸው አንድ የሆነ ሴቶች ነበሩ። ሙላቴ ሲወለድ በእጇ የተቀበለችው ፈንታነሽ ናት። ልጁም እናቱ ቤት ቆሎ እያለ የፈንታነሽን ቆሎ ካልበላ የማይሆንለት ሆኖ አደገ። ቀይ ቆብ አድርጎ፣ ጠመንጃ ይዞ ሲሰናበታት «ምን እንዳስመሰሉህ እይ» ብላ ሰድባዋለች። ከዚያ ቆሎ ቋጠረችለት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሙላቴ ሬሳ በመኪና መጣ። በበለሳ በኩል ከአርበኞች ጋር ሲዋጉ ነው የተመታው። ከኛው መንደር ጫካ የገቡም ነበሩና ልቅሶው ከበደን። ማን ብለን እናልቅሰው? ባንዳ ብለን? ልጃችን ብለን? ሰው ሁሉ ሜዳውን ከቦ መሬት መሬት ሲያይ ፈንታነሽ መካከል ገባች።

ካፒቴኑ ወታደሮቹን አሰልፎ ቆሟል። ሣጥኑ ላይ ቀዩን ቆብና ጠመንጃ አስቀምጧል። እሷ አልነካቻቸውም። ወርቅነሽ ፈትላ ያሠራችለትን ጋቢ ከቤት አስመጣችና በቆቡም በጠመንጃውም ላይ አልብሳ ነጠላዋን ዘረጋች።

«የሙላቴን እናት ማን ብዬ ልጥራት፣
ጠዋት ልጅ ነበራት፣ ማታ ማንም የላት።»

ወርቅነሽ ድምፅ የወጣት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደርቃ ቀርታ ነበር። ደምሴ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁን ባንዳ ሲል የነበረውም፣ ጫካ ወንድም ያለውም አብሮ አለቀሰ። ሙላቴ ለዚያች ቀን የኛ ልጅ ሆኖ ተመለሰልን። የመለሰችልን ፈንታነሽ ናት።

ሙሾው ሲያበቃ ካፒቴኑ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ውሸት አልናገርም፣ እሱንም ነክቶታል። ባርኔጣውን አወለቀ። እጁን ኪሱ ከተተና አንድ የሚያብረቀርቅ ሊሬ አውጥቶ በተዘረጋው ነጠላዋ ላይ ጣለላት። ሕዝብ ሁሉ እያየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣትና ወደ በቅሎው ሄደ።

ፈንታነሽ አልተነቃነቀችም። ነጠላው እንደ ተዘረጋ፣ ሊሬው መሐሉ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። መወርወር አትችልም፤ በኛ ዘንድ ልቅሶ ሜዳ ላይ በሟች ስም የተሰጠን ነገር መልሶ መጣል ሟቹን መስደብ ነው፤ ሙላቴ ደግሞ ገና አፈር አልለበሰም። መያዝም አትችልም፤ ከያዘች እንባዋን ሸጠች። ነጠላዋን ቀስ ብላ አጠፈች፤ ሊሬውን እጇ ሳይነካው ከነጠላው ጫፍ ቋጠረችው፤ ቀብሩ ሲያልቅም ለብቻዋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሌላ ጨዋታ ጠፋ።

«እኔ ብሆን ፊቱ ላይ ነበር የምወረውርለት» አለ አያሌው፣ ካባውን ወደ ትከሻው ሳብ እያደረገ።

«እሷ ወርውራ የሚገረፈው ማን ሊሆን ነው? እኛው ነን» አለ አንዱ።

«ሰውዬው አዘነ፣ ሰጠ። ምን ነውር አለው?» አለ ሌላው። መሪጌታ ገብረመድኅንም «ካህን ለፍትሐት ይቀበል የለም ወይ፤ እሷስ ብትቀበል» አሉ፣ ነገሩን ለማብረድ ብለው።

«ካህን መቀበሉ የታወቀ ነው መሪጌታ» አለች አንዲት ሴት። «እሷ ግን ወዳጅ ነኝ ባይ ነበረች።»

አልቻልሁም። «ካባውንስ መቼ ነው የሚወረውሩት፣ ጭቃ አያሌው?» አልሁ። ባሌ ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወደ ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ሲቆጣኝ እኔም ስቆጣው ደረስን።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ወሬው ወርቅነሽ ጆሮ የገባው ሌላ መልክ ይዞ መሆኑ ነው። ካፒቴኑ ፈንታነሽን አስቀድሞ ነው የቀጠራት፤ ልቅሶው እንዲያምርለት ተዋውሏት ነበር፤ ብለው ነገሯት። ሐዘንተኛ ልብ ምን ያጣራል። አመነች።

ፈንታነሽ በሐዘኑ ሰሞን እንደ ጎረቤት ሁሉ እዝን ይዛ ሄዳ ነበር፤ በመሶብ እንጀራ፣ ከነወጡ። የእዝን መሶብ ለባለቤቱ ባዶውን አይመለስም። እፍኝ ገብስም ይሁን፣ ራስ ነጭ ሽንኩርትም ይሁን፣ አንድ ነገር ጣል ይደረግበታል። የቸገረው እንኳ ጤና አዳም ቀንጥሶ ያኖርበታል። እሳት ልጭር ፈንታነሽ ቤት በሄድሁ ጊዜ መሶቡ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከፈተችው። ውስጡን በእጇ ጥግ ጥጉን ዳሰሰችው። ምንም የለም።

«ረስታው ይሆናል» አልኋት።

«ወርቅነሽ ይህን አትረሳም» አለች።

ከዚያ ቁጣዋ መጣ። ካፒቴኑን ረገመች፤ አያሌውን ረገመች፤ እኔን «ለምን ቆመሽ ታይኛለሽ» አለችኝ። «ያንን ልጅ እኔ ነኝ በዚህ እጄ የተቀበልሁት። ለሱ ያለቀስሁትን ማን ይገዛኛል? የት አገር ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሸጠው?» አለች። እሳቴን ይዤ ስወጣ መሶቡን በእግሯ ገፍታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጣለ። የሰው ሁሉ ማሳ ሲታረስ የፈንታነሽ አልተነካም። በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ቤት የደምሴ ቤት ብቻ ነበር፤ የደምሴ በሬዎች ደግሞ በማሳዋ አጠገብ አልፈው ሄዱ። ባሌን እለምነዋለሁ ብላት «የማንም በሬ እንዳይመጣ» አለችኝ። ዶማ ይዛ ወጣች። አንዲት ሴት ስንት ትቆፍራለች? መዳፏ ተላጠ። ገብስ ካልተዘራ በዓመቱ የምትበላው እንደሌላት ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም በዚያ ያልፋል፤ «እንደምን ዋልሽ» ይላታል።

የሙላቴ የአርባ ተዝካር በዚያው ሰሞን ሆነ። ዳስ ተጣለ፤ በሬ ታረደ። ፈንታነሽ አልተጠራችም። አያሌው ግን ካፒቴኑን ጠርቶ ከበላዩ አስቀመጠው። እኔ ጠላ ከሚቀዱት ጋር ነበርሁ። ወደ አጥሩ በር ብቅ ስል ፈንታነሽን አየኋት። የኔ ቢጤዎች ምጽዋት በሚጠብቁበት፣ ከጭቃው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው እትዬ፣ እዚህ?» አልኋት።

«ለልጄ ተዝካር መጣሁ» አለች። «ሌላ መቀመጫ የሰጠኝ የለም።»

ዓይኔ እንባ ሞልቶ ተመለስሁ፤ የንዴት እንባ ነው። ዳስ ውስጥ አያሌው «እናቲቱ በእጇ ታቅርብለት፤ ለሙላቴም ክብሩ ነው» እያለ ወርቅነሽን ከተቀመጠችበት አስነሣት። ጥቁሯን እንደ ለበሰች፣ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ ካፒቴኑ ፊት ቆመች። ካፒቴኑም ብድግ ብሎ ተቀበላት፤ ጠጣ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ያንኑ ኪሱ ከተተ። ሌላ ሊሬ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ ላይ አጠፈላት።

«ስለ መስተንግዶው ነው» አለ በላይነህ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

የልጇን ተዝካር ላበላች እናት የመስተንግዶ ተከፈላት። እኔ ብሆን ፊቱ ላይ እወረውር ነበር ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው። አያሌው ሥጋ ያዘ። ሌላው ዋንጫው ውስጥ አየ። ወርቅነሽም አልወረወረችም። በልጇ ስም በተጣለ ዳስ ውስጥ የሙላቴን ተዝካር ልትበጠብጥ? መዳፏን ከፍታ ሊሬውን አየችው። ከዚያ እጇን እንደ ዘረጋች፣ ትኩስ ነገር የያዘች ይመስል ከራሷ አርቃ ይዛው፣ በሕዝቡ መካከል አልፋ ወጣች። እንስራዬን አስቀምጬ ተከተልኋት።

በሩ ጋ ደርሳ ፈንታነሽ ፊት ቆመች።

«ፈንቴ» አለቻት። «ይኼ እንዴት ነው የሚያዘው?»

ፈንታነሽ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ቋጠሮውን አሳየቻት። «እኔንጃ» አለች። «አርባ ቀን ሙሉ ስፈልግ ሰነበትሁ፤ አላገኘሁትም።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንቺ ግን መሶቤን ባዶውን ላክሽልኝ። ከሰው ሁሉ አንቺ።»

ወርቅነሽ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። «ልጄን በገንዘብ ያስለቀሱለት መሰለኝ» አለች። «ከልቡ ያለቀሰለት ሰው የሌለ መሰለኝ፣ ፈንቴ። እሱን ነው ያልቻልሁት።»

ፈንታነሽ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች። እናቱ ራሷ ከተጸየፈችው ወዲያ ለሙላቴ ስድብ አይሆንም፤ ሊሬውን ጭቃው ላይ አራገፈችው፤ ከወርቅነሽም መዳፍ ላይ ያለውን ጠርጋ ጣለችው። ነጠላውን ግን አልዘረጋችውም። ለወርቅነሽ በትከሻዋ ላይ ደረበችላትና ባዶ እጇን ዘርግታ ሙሾውን ጀመረች።

«ልብሱም የሌላ ሰው፣ ጠመንጃውም የሰው፣
የኛ ደሙ ብቻ፣ አፈር ያራሰው።»

በዳሱ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ደምሴ ነው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ገበታው ተጥሎ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ፈሰሰ። አያሌው ከካፒቴኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ካፒቴኑ ከበላይነህ ጋር ወጣ። ምን እያለች እንደሆነ ሳይጠይቀው አልቀረም፤ በላይነህ ግን ከንፈሩን አላላቀቀም። ካፒቴኑም ፊቱ አዝኖ፣ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው አንድ ነገር ነውና፣ ሊሬ አወጣ። የተዘረጋ ነጠላ ፈለገ፤ አጣ። ወደ እጇ ቢጥለው በጣቶቿ መካከል ሾልኮ አንድ ዓይነ ሥውር የኔ ቢጤ ጉልበት አጠገብ ወደቀ። ሽማግሌው ድምፁን ሰምቶ በእጁ ዳሰሰና ሊሬ መሆኑን ሲያውቅ በዱላው ጫፍ ገፋው። ካፒቴኑ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ጧት ስወጣ የደምሴ በሬዎች ፈንታነሽ ማሳ ላይ ናቸው። ደምሴ ሞፈሩን ጨብጧል። ወርቅነሽ የራሷን መሶብ እስከ አፉ ገብስ ሞልታ የፈንታነሽ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከበሬዎቹ ኋላ ጓል ትከሰክሳለች። ፈንታነሽ ከቤቷ ወጣች፤ መሶቡን አየች፤ አላነሣችውም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች ለደምሴ። ከዚያ ዶማዋን ይዛ ወርቅነሽ አጠገብ ገባችና እስኪረፍድ አብረው ሠሩ።

«ባዶ መሶቡን አልረሳውም» አለቻት በመጨረሻ።

«አትርሺው» አለች ወርቅነሽ፤ ጓል መከስከሷን ቀጠለች።